ሥጋው ያልገባበት ቤት ቀንዱ አይገባም

ዒድ አልፎ እንግዳው ቀለል ሲልልን፣ ሁለተኛው ልጄ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዞ መጣና ከፊቴ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» አለኝ።

ይህ ልጅ ገንዘብ እንኳ ሲፈልግ በእናቱ በኩል ነው የሚልክብኝ። እኔን በቀጥታ ሊያማክር ከመጣ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው ብዬ መነጽሬን አደረግሁና ደብተሩን ተቀበልኩ። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ ዕቅድ ነው። ከላይ «የቆላ አደን» ይላል። ከሥሩ የእሱና የሦስት ጓደኞቹ ስም፣ የሚነሡበት ቀን፣ ከማን ጠብመንጃ እንደሚዋሱ፣ የጥይቱ ብዛት፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድ፣ ሁለት ቢላዋ ተዘርዝሯል። ከመርሳ ተነሥተው፣ በግራና በኩል አድርገው፣ ቁልቁል ወደ አፋር ጠረፍ ይወርዳሉ። ሦስት ቀን ቆይተው አጋዘን ገድለው ይመለሳሉ። መሪ የለም፣ ሽማግሌ የለም፤ ራሳቸው ናቸው።

«ይህን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» ብለው ስልኩን አወጣ። በአሜሪካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አላስካ በሚባለው ብርዳማ ምድር፣ ሰዎች በትንሽ አውሮፕላን ሰው ከማይኖርበት ዱር ይወርዳሉ። ድንኳናቸውን ራሳቸው ተክለው፣ መሪ ሳይቀጥሩ፣ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የዱር እንስሳ አድነው ሥጋውን በጀርባቸው ይሸከማሉ። ልጄን የማረከው ይህ ነው፤ ሰው በራሱ ዕውቀትና በራሱ ጉልበት ዱርን ሲጋፈጥ ማየቱ። አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ ያለ ስልክ እንዲሁ ነበርኩ።

«አባባ፣ አንቱ አደን ወጥተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ለቤቴ ሰው ያልነገርኩትን ያን ቀን ነገርኩት። ውድ አንባብያን፣ ለእናንተም ማካፈሉን የፈለግሁት በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብተር የያዘ ልጅ አይጠፋም ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1984 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። ደርግ ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም። ጠብመንጃ እንደ ዱላ በየትከሻው የሚታይበት ጊዜ ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ መርሳ ከተማ ከአባቴ ሱቅ እውላለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአባቱ የወረሰው ምንሽር ነበረው። እሱ፣ አንድ ጓደኛችንና እኔ ሦስት ሆነን፣ በሱቁ ጓዳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዐቀድን። አሥራ አምስት ጥይት ገዛን፤ ቢላዋ አስሳልን፤ በሶ አስፈጨን። ፈቃድ የሚባል ነገር መኖሩ በሐሳባችን ውል አላለም። ዛሬ መለስ ብዬ ሳየው የዚያ ሁሉ ዕቅድ መጨረሻ የጥይቱ ድምፅ ነበር። ጥይቱ ከጮኸ በኋላ ስለሚሆነው አንዳችንም አላሰብንም።

የእናቴ ወንድም በግራና በኩል ገበሬ ነበር። በንጉሡ ዘመን በወጣትነቱ ወደ ቆላው ወርዶ አድኖ ያውቃል። በዚያን ጊዜ በአገራችን ትልቅ አውሬ የገደለ ሰው ቅቤ እየተቀባ፣ እየፎከረና እየተዘፈነለት የሚከበርበት ልማድ ነበር። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ወጥቶ፣ መስጊድና ማሳ ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ሆኗል። ልንሰናበተው ሄድን እንጂ ልናማክረው አልሄድንም። ቡና ቀርቦ ሳለ ዕቅዳችንን ዝም ብሎ አዳመጠና አምስት ነገር ጠየቀን።

«ውሃው የት ነው?» አለ። ጀሪካኑን አሳየነው።

«የምትገቡበት አገር የማን ነው?» አለ። «ባዶ ሜዳ ነው» አልነው።

«ብታቆስሉትና ቢሸሽባችሁስ ስንት ቀን ትከተሉታላችሁ?» አለ። የአክስቴ ልጅ ሳቀና «እኔ አልስትም» አለ።

«ሥጋውን ምን ይሸከመዋል?» አለ። ተያየን። «እንካፈለዋለን» አልነው።

«ስንት ቤት ይበላዋል?» አለ። ለዚህም መልስ አልነበረንም።

«ልጆቼ፣ ጥይት ቆጥራችኋል፤ እርምጃ ግን አልቆጠራችሁም» አለን። ይህን ብሎ አልከለከለንም። ወጣት ሲከለከል በጓሮ በር እንደሚወጣ ያውቃል። ዱዓ አድርጎ ሸኘን።

በማግሥቱ ከፈጅር በፊት ተነሣን። ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ወረድን። ማሳው አለቀ፤ ግራሩና ቁጥቋጦው ተተካ፤ ነፋሱም ሞቀ። ጥር ነው፣ ብርድ ነው ያልነው ለካስ የመርሳን ጥር ነው። በመጀመሪያው ምሽት ጀሪካኑ ተጋምሶ ነበር።

አጋዘኖቹን ያገኘናቸው በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አጋዘን ቀኑ ሲግል ከቁጥቋጦ ውስጥ ይውላል፤ ጧትና ማታ ለግጦሽ ይወጣል። ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ነበሩ። ሴቶቹ ቀንድ የላቸውም። የወንዱ ቀንድ ግን እንደ ተጠመዘዘ ሐር ወደ ላይ ወጥቶ የፀሐዩ ቀይ ብርሃን አርፎበት ነበር። እንዲህ ያለ ፍጥረት ፊት ለፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ሱብሐነላህ» ማለት ሲገባኝ፣ «ስጠኝ፣ እኔ ልተኩስ» አልኩ።

ቢስሚላህ ብያለሁ፤ ይህን አልረሳም። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ርቀቱም ለእኔ ዓይነቱ ተኳሽ አይደለም። ከብብቱ ሥር ማረፍ የነበረበት ጥይት ወደ ኋላ ሆዱን መታው። ጎበጥ አለ፤ ዘለለ፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። እኛም እየጮህን ተከትለን ሮጥን። በባትሪ እየፈለግን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተንከራተትን። ጧት ደሙን በድንጋይ ላይ አገኘነው፤ ጥቂት ሄደን ደግሞ ጠፋብን። በጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ለሦስታችን ከሁለት ሁለት ጉንጭ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ተመለስን። «ተመለስን» የምለው ቃሉን ለማሳመር ነው። ቁስለኛውን ትተን ሄድን።

በመንገዳችን ላይ ፍየል የሚጠብቁ አንድ የአፋር ሽማግሌ አገኘን። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያም እንደ ወጋቸው ዳጉ ጠየቁን። አፋሮች መንገደኛ ሲያገኙ ቁጭ ብለው ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ይጠይቃሉ፤ የራሳቸውንም ይነግራሉ። ወሬ ከበረሃ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርሰው በዚህ ነው። እኛ ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው ነገርናቸው። ስለ አጋዘኑ ግን ዝም አልን። ወተት በዕቃ ሰጡን። ጠጥተን ስንጨርስ በተሰባበረ አማርኛ፣

«ጥይቱን ትናንት ማታ ሰምተነዋል። ልጆቼ መሣሪያ ይዘው ወጥተው ሌሊቱን አላደሩም፤ ዘራፊ መጣብን ብለው። እናንተ ከሆናችሁ አልሐምዱሊላህ» አሉን።

በዚያች ደቂቃ ጉልበቴ ከዳኝ። በጨለማ ባትሪ እያበራን ስንሮጥ ከልጆቻቸው ጋር ብንገናኝ ምን ይፈጠር እንደነበር አሰብኩ። ባዶ ሜዳ ያልነው አገር የሰው ጓሮ ነበር። አጎቴ «የማን አገር ነው?» ሲል የጠየቀው ስለ ወሰን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሳናስፈቅድ የተኮስናት አንዲት ጥይት ሁለት ጎረቤት ሕዝብ ልታጋጭ ትችል ነበር፤ ለዚያውም አንድ ቂብላ ተቀብለው የሚሰግዱትን።

ማታ ግራና ደረስን። አጎቴ እግራችንን እንኳ ሳንታጠብ፣ «የታል?» አለ። የሆነውን ነገርነው። አልተቆጣም። ተነሥቶ አህያውን አወጣ፤ ሁለት ጀሪካን ውሃ አስጫነ፤ «ተኙ፤ ከፈጅር በፊት እንሄዳለን» አለን።

«አጎቴ፣ አሁን ምን ያደርጋል? ሞቷል እኮ» አልኩ።

«ካልሞተስ?» አለኝ።

በመንገድ ላይ ስሕተታችንን አስረዳን። ሆዱን የተመታ እንስሳ ካልተረበሸ ሩቅ ሳይሄድ ይተኛል። የተመታበትን ቦታ ምልክት አድርጎ፣ ቁጭ ብሎ ሰዓታት መጠበቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ደሙን መከተል ነበረብን። እኛ እየጮህን ስናሳድደው በመጨረሻ ጉልበቱ ሸሸ። በመሸ ጊዜ መተኮሳችንም ጥፋት ነበር፤ ለመከተያ የሚሆን ብርሃን ሳይኖር የሚተኮስ ጥይት ዕዳ ነው አለን። መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ሠፈር ወስዶ ይቅርታ አስጠየቀን። ከልጆቻቸው አንዱ ዱካ ሊያሳየን አብሮን ወጣ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አሞራው መራን። አጋዘኑ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ወድቋል። ጅብ ሆዱንና የኋላ እግሩን በልቶታል። በምን እንደሞተ፣ በእኛ ጥይት ይሁን በጅቡ፣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና «ይህ አይበላም» አለ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ቢላዋውን አወጣ። ቀንዱ ምንም አልሆነም ነበርና ለቤታችን ግድግዳ ይሆናል ብሎ ነው። አጎቴ እጁን ያዘው።

«ተወው። ሥጋው ያልገባበት ቤት ቀንዱ አይገባም።»

እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ጠብመንጃ አንሥቼ ወደ እንስሳ አልተኮስኩም።

አጎቴ ያስተማረን የራሱን ፈጠራ እንዳልሆነ በኋላ ከዑለማዎች ስማር ተረዳሁ። አደን በዲናችን የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ያለ ሥርዓት አልተፈቀደም። በሡረቱል ማኢዳህ አላህ (ሱ.ወ.) የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘው እንዲበላ፣ ስሙም እንዲወሳበት ፈቅዷል። ኢሕራም ላይ ላለ ሰው ደግሞ የየብስ አደን ከልክሏል። በዚያው ሡራ እጅና ጦር የሚደርስበትን አደን ለምእመናን መፈተኛ እንዳደረገው ይነግረናል። እስቲ አስቡት! አደኑ ሲርቅ ሳይሆን ሲቀርብ ነው ፈተናው። ማንም በማያይበት ዱር ውስጥ አላህን የሚፈራው ማን እንደሆነ የሚለየው ያኔ ነው።

ሰሓባው ዐዲይ ኢብኑ ሐቲም አዳኝ ነበሩ፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አደን ብዙ ጠይቀዋል። ከመልሶቹ እንደምንረዳው፣ ተወርውሮ በስለቱ የወጋ ይበላል፤ በጎኑ ደብድቦ የገደለ አይበላም። ተመትቶ ውሃ ውስጥ የወደቀ አይበላም፤ የገደለው ውሃው ይሁን መሣሪያው አይታወቅምና። ተሰውሮ አድሮ የተገኘ፣ ከአዳኙ መሣሪያ በቀር ሌላ ምልክት ከሌለበት ይበላል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ድንጋጌዎች በሙሉ የሚናገሩት ስለ መተኮስ ሳይሆን ከተኩሱ በኋላ ስላለው ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ዒላማ አድርጎ መጫወትን ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ ከልክለዋል። እኔ በዚያች ምሽት የተኮስኩት ለምግብ ነበር ወይስ ለጨዋታ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለራሴ በሙሉ ልብ አልመለስኩትም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ከነገርኩት በኋላ፣ «እነዚያ የአላስካ ሰዎችስ ሕግ ያላቸው ይመስልሃል?» አልኩት። ስልኩን አገላብጦ ራሱ አነበበልኝ። የአላስካ ሕግ ሙስ የገደለ ሰው የሚበላውን ሥጋ በሙሉ ከዱር እንዲያወጣ ያስገድዳል፤ ትቶ የሄደ ይቀጣል። ቀንዱም ከሥጋው ቀድሞ ከጫካ እንዲወጣ አይፈቀድም። ልጄ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። አላስካን ያላየው፣ እንግሊዝኛም የማያውቀው የግራናው ገበሬ ያንኑ ነበር የተናገረው።

ከዚያ ደብተሩን አብረን ከመጨረሻው ገጽ ጀምረን ጻፍነው። መጀመሪያ ውሃው። በቆላ ሙቀት የሚጓዝ ሰው በቀን አምስት ሊትር ቢያስፈልገው፣ አራት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይፈልጋል፤ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ልጄ የጻፈው አንድ ነው። ሦስቱን የሚጭን አህያ ያስፈልጋል፤ አህያውም ይጠጣል። ቀጥሎ ሥጋው። ትልቅ ወንድ አጋዘን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ግማሹ ሥጋ ቢሆን እንኳ ለአራት ሰው ከ25 ኪሎ በላይ ይደርሳል፤ ያም ዳገት ነው፤ መርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ሙቀት ቆዳው ቶሎ ካልተገፈፈ፣ ሥጋው ተዘልዝሎ ጨው ካልነካው ቤት ሳይደርስ ይበላሻል። በልጄ ዝርዝር ውስጥ ጨው አልነበረም።

ከዚያ ፈቃዱ። የአደን ሕግ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 እንኳ የአደን እንስሳትን ለመጠበቅ አዋጅ ወጥቶ ነበር። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ ጥሰቱም በገንዘብና በእስራት እንዲያስቀጣ ደንግጓል። የጦር መሣሪያውም ለብቻው ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012። የተዋሱት ጠብመንጃ በዚህ ዓይን ምን እንደሆነ ልጄ አላሰበበትም።

«ግን አባባ፣ ሐላል አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ነው። ይሁን እንጂ ሐላል መሆኑ ብቻ ለመተኮስ አያበቃም። ከእኛ በስተምሥራቅ በአፋር የሚኖረውን የዱር አህያ ተመልከቱ። የዱር አህያ ሥጋ እንደ ቤት አህያ እርም አይደለም፤ ሰሓባው አቡ ቀታዳ አድነውት ከሥጋው መበላቱ በሐዲስ ይታወቃል። ዛሬ ግን ይህ የአፍሪካ የዱር አህያ በኢትዮጵያና በኤርትራ በረሃዎች ብቻ በጣት የሚቆጠር መንጋ ቀርቶታል። የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ከታሰበባቸው ምክንያቶች ዋናው እሱ ነው። የመጨረሻዎቹን «ሐላል ነው» ብሎ የሚገድል ሰው የአላህን አማና በላ እንጂ ሪዝቁን አልበላም። አጋዘኑም ቢሆን በእኔ ወጣትነት ከምናየው ዛሬ ምን ያህል እንደሚታይ የቆላውን ሰዎች ጠይቁ።

ሌላም አለ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ሲያዳርስ ያየነውን አይተናል። ከዚያም ወዲህ አገራችን ተኩስ ሰምታ አልጠገበችም ወይ? ዛሬ አራት ወጣት ጠብመንጃ አንግቶ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ «ለአደን ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ያ የአፋር ሽማግሌ ያኔ ልጆቻቸውን በትዕግሥት ባይመልሱ ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልነበርኩም። የጥይት ድምፅ ሲሰማ እናት ከቤቷ ደጃፍ ላይ የምትደነግጥበት ዘመን ነው። ለጨዋታ የሚሆን ጥይት የለንም።

ልጄ ብዙ ዝም አለ። ዕቅዱን አልቀደደውም፤ እኔም ቅደደው አላልኩትም። ይልቅ «ለመግደል ካልሆነ፣ ለማየት መውረድ ይቻላል?» አለኝ። ሰላም ሲሆን፣ አላህ ካለ፣ አብረን እንወርዳለን አልኩት። ያኔ መጀመሪያ ወደ አፋሮቹ ሠፈር እንገባለን፤ ዳጉ እንቀባበላለን፤ ከሠፈሩ አንድ ሰው ይመራናል። ጠብመንጃ አንይዝም። ውሃው ግን ያው 60 ሊትር ነው፤ ከእኔ ጋር ደግሞ ይጨምራል።

ሊነሣ ሲል ከደጃፉ ላይ ቆም ብሎ፣ «አባባ፣ ያን የአጋዘኑን ዕዳ ከፈሉት?» አለኝ።

ልጅ የሚጠይቀውን አባት ሁልጊዜ አይመልሰውም። ተውበት አድርጌያለሁ አልኩት። አጎቴም ወደ አኺራ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ አላህ ይዘንለት። እኔ ግን ለዚያ እንስሳ የምሰጠው ነገር የለኝም፤ ዱካውን ዳግመኛ ሄጄ አልፈልገው። የቀረኝ አንተ ቢስሚላህ ብለህ ቃታ ከመሳብህ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታስብ መንገር ነው አልኩት።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ላይ ባደረገው ፍጥረት ሁሉ ከሚጠየቁት አያድርገን። ለልጆቻችንም ከኃይል በፊት ማስተዋልን ይስጥልን።

ወሏሁ አዕለም።